የከዋክብትንና የኔቡላዎችን ቀለም ለማየት ምን ይገዛ? ባይኖኩላር፣ ቴሌስኮፕ፣ ፊልተር፣ ግሬቲንግና ስማርት ቴሌስኮፕ ሲነጻጸሩ

ቴሌስኮፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሻጩን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያቀርባል?» ብሎ ነው፤ አምራቾችም ይህንን ስለሚያውቁ ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ» የሚል ዓይነት ቁጥር በትልቁ ያትማሉ። ይሁን እንጂ ከፀሐይ በስተቀር ከዋክብት ሁሉ እጅግ ሩቅ ስለሆኑ፣ ደጅ ላይ የሚቆም ቴሌስኮፕ ምንም ያህል ቢያቀርባቸው ነጥብ ሆነው ይቀራሉ። ስለ ከዋክብት ሙቀትና ስለ ተሠሩበት ንጥረ ነገር፣ እንዲሁም ስለ ኔቡላዎች (በከዋክብት መካከል ስላሉ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች) ምንነት የሰው ልጅ ካወቀው አብዛኛው የተገኘው ብርሃናቸውን በየቀለሙ ለይቶ በማየት ነው። ስለዚህ ጎንደር ውስጥ ለትምህርት ቤት፣ ለተማሪዎች ክበብ ወይም ለቤተሰብ መሣሪያ ለሚመርጥ ሰው እንዲጠቅም፣ ዕቃዎቹን በአንድ መለኪያ አነጻጽሬያለሁ፤ ይኸውም የትኛው የብርሃንን ቀለም በትክክል ያሳያል፣ የትኛውስ ያዛባል የሚለው ነው።

የኮከብ ቀለም የገጹን ሙቀት ይናገራል። በታኅሣሥና በጥር ምሽት ቀና ብሎ በሰው አምሳል የሚታሰበውን ኦሪዮን የተባለ የከዋክብት ስብስብ የተመለከተ ሰው፣ በኦሪዮን ትከሻ በኩል ቀላ ያለውን ቤተልጌዝን፣ በእግሩ በኩል ደግሞ ነጣ ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ራይጅልን ያለ ምንም መሣሪያ ያያል። የቤተልጌዝ ገጽ ወደ 3,500 ኬልቪን፣ የራይጅል ወደ 12,000 ኬልቪን ይደርሳል፤ ፀሐያችን በ5,800 ገደማ በመካከላቸው ናት። ቀይን የሙቀት፣ ሰማያዊን የቅዝቃዜ ምልክት አድርጎ ለለመደ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንጥረኛ ምድጃ ውስጥ ያለ ብረትም መጀመሪያ ይቀላል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ነው ወደ ነጭ የሚሄደው።

የኔቡላ ቀለም የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። በአቅራቢያው ያለ እጅግ ሞቃት ኮከብ በአልትራቫዮሌት ጨረሩ ጋዙን ሲመታው፣ ሃይድሮጅን በ656.3 ናኖሜትር (የብርሃን ቀለም የሚለካበት የሞገድ ርዝመት ነው) ቀይ፣ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን ደግሞ በ500.7 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። በሰባቱ ከዋክብት ዙሪያ በፎቶ የሚታየው ሰማያዊ ጉም ግን ራሱ የሚያበራ ጋዝ ሳይሆን፣ ሰማያዊውን ከቀዩ አብልጦ የሚበትን አቧራ ነው። እዚህ ላይ ገዢው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ የሰው ዓይን በጨለማ ለቀይ ብርሃን የታወረ ያህል ነው፤ የተሻለ የሚያየው በ507 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴማ ብርሃን ነው። በዚህ ምክንያት በፎቶ ቀልቶ የሚታየው የኦሪዮን ኔቡላ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሲታይ ግራጫ ወይም ጥቂት አረንጓዴ የነካው ደመና ይመስላል። ይህ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም፤ ዕቃውንም ወደ ሻጩ ለመመለስ ምክንያት አይሆንም።

ባይኖኩላር፣ የሌንስ ቴሌስኮፕ ወይስ የመስታወት ቴሌስኮፕ?

10×50 የሚባለው፣ ማለትም 10 እጥፍ የሚያቀርብና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ባይኖኩላር በጨለማ ከተከፈተ ዓይን 50 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ለከዋክብት ቀለም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ትኩረቱን ትንሽ አዛብቶ ኮከቡን ከነጥብ ወደ ክብ ማስፋት ቀለሙን ይበልጥ ያጎላዋል። ለቤተሰብ የመጀመሪያ ግዢ ከርካሽ ቴሌስኮፕ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ልጆችም ያለ ጣጣ ይጠቀሙበታል።

ብዙ ጊዜ በስጦታ ዕቃ መልክ የሚሸጠው 70 ሚሊ ሜትር የሌንስ ቴሌስኮፕ በዚህ ንጽጽር ዝቅተኛውን ቦታ የሚይዝ ነው። ተራ ሌንስ ሁሉንም ቀለሞች በአንድ ቦታ ስለማያገናኝ፣ እንደ ሲሪየስና ራይጅል ባሉ ደማቅ ከዋክብት ዙሪያ ሐምራዊ ጠርዝ ያበጃል፤ ተማሪው ኮከቡ ያልላከውን ቀለም የኮከቡ ነው ብሎ ይመዘግባል። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 በሌንስ ፋንታ መስታወት የተጠቀመ ቴሌስኮፕ የሠራው ይህንኑ ችግር ለማስቀረት ነበር። ዛሬም 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለው የኒውተን ዓይነት ቴሌስኮፕ ሐምራዊውን ጠርዝ አያመጣም፤ ከ70 ሚሊ ሜትሩም ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ጉዳቱ መስታወቶቹ በጉዞ መናወጥ አቅጣጫቸውን ስለሚስቱ አልፎ አልፎ መስተካከል የሚፈልጉ መሆናቸው ነው፤ ስለሆነም ኃላፊነት የሚወስድ አንድ መምህር ወይም ትልቅ ተማሪ ያስፈልጋል።

ፊልተርን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። የኔቡላ ፊልተር ቀለም አይጨምርም፤ የኦክስጅንንና የሃይድሮጅንን አረንጓዴማ ብርሃን አሳልፎ ሌላውን ይከለክላል እንጂ። ቢጫውን የሶዲየም የመንገድ መብራት በደንብ ያስቀራል፤ ነጩ ኤል ኢ ዲ ግን በሁሉም ቀለም ስለሚያበራ በእርሱ ላይ የፊልተሩ ጥቅም ያነሰ ነው። በሰባቱ ከዋክብት ዙሪያ ላለው አቧራ ምንም አይረዳም፣ የከዋክብትን ቀለም ደግሞ ያዛባል። ለዚህ ሥራ ብሎ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ፊልተሮችን ለመግዛት ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ግሬቲንግ፦ ከሁሉም አብልጬ የምመክረው

ግሬቲንግ በላዩ እጅግ የተቀራረቡ መስመሮች የተሰመሩበት፣ ብርሃንን በየቀለሙ የሚዘረጋ ስስ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ነው። ሁለት ዓይነት ይገዛል። አንደኛው በእጅ ተይዞ በዓይን የሚታይበት ርካሽ ፕላስቲክ ሲሆን በሚሊ ሜትር 500 ወይም 1,000 መስመር ይኖረዋል፤ ሁለተኛው በቴሌስኮፕ ላይ የሚገጠም፣ ብዙ ጊዜ በሚሊ ሜትር 100 መስመር ያለው ነው።

የፕላስቲኩ ዓይነት ለክፍል ውስጥ ትምህርት ተወዳዳሪ የለውም። ጧፍ ለኩሶ በእርሱ ውስጥ ያየ ተማሪ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ሳይቋረጥ የተዘረጋ ቀለም ያያል። በዚያው ነበልባል ላይ ትንሽ ጨው ሲጨመር በ589 ናኖሜትር ላይ ብሩህ ቢጫ ብቅ ይላል፤ ይህ የሶዲየም ምልክት ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1814 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ካያቸው ጥቁር መስመሮች ጥንዶቹ በዚሁ ቦታ ላይ ያሉ ናቸው፤ የጀርመን ሳይንቲስቶቹ ኪርኾፍና ቡንሰንም እ.ኤ.አ. በ1859 እና በ1860 ይህን አገናኝተው ፀሐይ ውስጥ ሶዲየም እንዳለ አሳወቁ። ተማሪው ከጨውና ከጧፍ ተነሥቶ ስለ ፀሐይ የሚደርስበት ይህ መንገድ፣ እኔ በማውቀው ከየትኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል። ነገር ግን በግሬቲንግም ሆነ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ቀጥታ ማየት ዓይንን ያጠፋልና ለልጆች በጥብቅ ሊነገራቸው ይገባል።

የቴሌስኮፑን ዓይነት ገጥሞ ሲሪየስን ያየ ሰው ኮከቡን እንደ ነጥብ፣ ከጎኑ ደግሞ ባለ ቀለም ቀጭን ክር ያገኛል። በስልክ ካሜራ ከዓይን ሌንሱ (ዓይን ከሚጠጋበት የቴሌስኮፑ ሌንስ) ላይ ፎቶ ሲነሣ በክሩ ላይ ጠቆር ያሉ ክፍተቶች ይወጣሉ፤ በ486.1 ናኖሜትር ያለው የሃይድሮጅን ነው። ወደ ቤተልጌዝ ሲዞር ክሩ በሰፋፊ ጥቁር ሰንበሮች የተቆራረጠ ሆኖ ይገኛል፤ እነዚህ በዚያ ቀዝቃዛ ገጽ ላይ መኖር የቻለው የታይታኒየም ኦክሳይድ አሻራ ናቸው። ልዩነቱን ለማየት መዝገብ መመልከት አያሻም።

ከዚህም በላይ የሚደንቀው ኔቡላ ሲታይ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ምሽት ኤን ጂ ሲ 3242 የተባለውን ትንሽ ክብ ኔቡላ በ130 ሚሊ ሜትሩ ቴሌስኮፕና በግሬቲንግ የፈለገ ሰው፣ በዙሪያው ያሉ ከዋክብት ሁሉ ወደ ክር ሲዘረጉ ኔቡላው ግን ሳይዘረጋ እንደ ነጥብ ተሰብስቦ ሊያየው ይችላል፤ ብርሃኑ በጥቂት ቀለሞች ብቻ ነውና። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዊልያም ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1864 ሌላ ተመሳሳይ ኔቡላ ላይ ይህን አይቶ ነበር ኔቡላው የከዋክብት ክምችት ሳይሆን ጋዝ መሆኑን ያረጋገጠው። ያ አረንጓዴ መስመር ለብዙ ጊዜ ያልታወቀ ንጥረ ነገር ተደርጎ ሲቆጠር ኖሮ፣ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አይራ ቦወን እ.ኤ.አ. በ1927 ኦክስጅን መሆኑን አሳየ።

ስማርት ቴሌስኮፕ

የኔቡላን ቀይ ቀለም ማየት ዋና ፍላጎቱ የሆነ ገዢ ካሜራ ያስፈልገዋል። ተራ ፎቶ ካሜራዎች ግን ከፋብሪካ በሚገባባቸው ፊልተር የሃይድሮጅንን ቀይ በአብዛኛው ይከለክላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ገበያ ላይ የዋለው ሲስታር ኤስ50 የተባለው ስማርት ቴሌስኮፕ ይህን ችግር የፈታ ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና ካሜራ አለው፣ የሃይድሮጅንንና የኦክስጅንን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር በውስጡ ይዟል፣ ኔቡላውን ራሱ ፈልጎ ብዙ ፎቶዎችን እየደራረበ በስልክ ያሳያል። ባትሪው አብሮት ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው ወደ 500 ዶላር ነበር፤ የማጓጓዣና የቀረጥ ወጪ ለብቻው ይታሰብ። ድክመቱ ተማሪው ሰማዩን ሳይሆን ስክሪን እንዲያይ ማድረጉ፣ የዓይን ሌንስም የሌለው መሆኑ ነው።

ጎንደር ለሁሉም የሚመች ሰማይ አላት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ የኦሪዮን ኔቡላ በ72 ዲግሪ ከፍታ ከራስ በላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ያልፋል፤ ከአውሮፓ የማይታየው የካሪና ኔቡላም በሚያዝያ መጀመሪያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በደቡብ በ17 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ለካሪና ግን የደቡብ አድማሱ ያልተሸፈነና ከፒያሳ መብራት የራቀ ቦታ መምረጥ ግድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ሰማዩ ስለሚሸፈን ግዢው ለጥቅምት ቢደርስ ይበቃል።

ለትምህርት ቤት የምመርጠው 130 ሚሊ ሜትር የመስታወት ቴሌስኮፕ ከሁለቱም ዓይነት ግሬቲንግ ጋር ነው፤ ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ቴሌስኮፑ ይቆይና ባይኖኩላርና የፕላስቲክ ግሬቲንግ ይቅደሙ። ለኔቡላ ፎቶ ብቻ ለሚፈልግ ስማርት ቴሌስኮፑ ይሻለዋል። በየትኛውም ቴሌስኮፕ ግዢ ላይ ግን የዓይን ሌንሱ ቱቦ 31.7 ሚሊ ሜትር መሆኑ በማስመሪያ ይለካ፤ ፊልተሩም ግሬቲንጉም የሚገጠሙት በዚህ ልክ ሲሆን፣ በአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ላይ ያለው 24.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ አይቀበላቸውም።