የቤዝ ጊታር አንገት፦ የሚያብረቀርቀው ወይስ ማቱ?

ቤዝ ልትገዙ ስትሉ ሰው ሁሉ የሚያወራላችሁ ስለ ድምፁ ነው። እጃችሁ የሚውለው ግን አንገቱ ላይ ነው።

የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የተቀባው ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፣ በተለይ ሜፕል እንጨት ላይ። ላብ አያስገባም፤ በጨርቅ ጠረግ ካደረጉት በቂ ነው። ጣጣው የሚመጣው እጅ ሲያልበው ነው። የመድረኩ መብራት ሲያግል፣ ከመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በተርታ ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ወደ አስራ ሁለተኛው ፈጠን ብላችሁ ልትንሸራተቱ ስትሉ አውራ ጣታችሁ ጀርባው ላይ ያዝ ይላል፣ እጃችሁም ከምቱ ወደኋላ ይቀራል።

ማቱ፣ ማለትም የማያብረቀርቀው ቅብ ላይ ይሄ ብዙም የለም። ደረቅ ነው፣ እጅ አይይዝም። በርግጥ ቅቡ ስስ ከሆነ ቶሎ ይቆሽሻል። ዓመታት ሲያልፉም አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ተወልውሎ ማብረቅረቅ ይጀምራል (እኔ እንደውም ይሄን እወደዋለሁ)።

ቅቡን ከቅርፁ ጋር ግን አታምታቱት። የፌንደር ኩባንያ ጃዝ ቤዝ አንገት በራስጌው በኩል ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የዚሁ ኩባንያ ፕሪሲሽን ቤዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ 41 እና ከዚያ በላይ ነው። ሰፊ አንገት ካልተመቻችሁ ማት ስለሆነ አይጠብላችሁም።

ምርጫዬ ማቱ ነው። የሚያብረቀርቅ ካላችሁ ግን ለመሸጥ አትቸኩሉ። ጀርባውን ብቻ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሸት አሸት አድርጉት፣ እንጨቱ ጋ ሳትደርሱ። ማቱን መልሶ ማብረቅረቅ ግን የባለሙያ ሥራ ነው።