ሪሞት ስታርተር ከመግዛትዎ በፊት፦ የአምራቹ፣ የገጣሚው ወይስ በራስ እጅ የሚገጠመው?

በጥር ወር፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነበር። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት ደርሷል፤ በሴልሺየስ ሲሰላ ከዜሮ በታች 29 ነው። የማለዳ ተሳፋሪዬን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ላደርስ ተነስቼ፣ ሪሞቱን በመስኮት በኩል ወደ መኪናዬ አቀናሁና ተጫንኩ። ሞተሩ ዝም አለ። የፓርኪንግ መብራቶቹ ብቻ ስድስት ጊዜ ብልጭ ብለው ጠፉ። ደግሜ ተጫንኩ፤ አሁንም ስድስት። በጥቅምት 500 ዶላር ያህል ከፍዬ ያስገጠምኩት ሪሞት ስታርተር፣ ማለትም መኪናን ከርቀት የሚያስነሳው መሣሪያ፣ የበረዶው ወራት ሳይጋመስ ከዳኝ።

ከዚያ ማለዳ በኋላ ሪሞት ስታርተርን የማወዳድርበት መንገድ ተለውጧል። ሻጮች የሚነግሩን ከምን ያህል ርቀት እንደሚሠራና ስንት ብር እንደሚያወጣ ነው። ደህና በሚሠራበት ቀን ግን ውዱም ርካሹም አንድ ነው፤ ይጫኑታል፣ ሞተሩ ይነሳል። ልዩነቱ የሚለየው በብልሽት ቀን ነው። ምክንያቱን ማወቅ ይቻላል? ማን ይጠግነዋል? የመኪናዋን ሽቦ ሳይጎዳ መንቀል ይቻላል? በሚኒሶታም ሆነ በዴንቨር፣ በቶሮንቶም ሆነ በካልጋሪ ለምትኖሩ ወገኖች ሦስቱን አማራጮች በዚህ ሚዛን ላስቀምጣቸው።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሪሞት ስታርተር እኛ ቁልፍ ስናዞር የምንሠራውን ሥራ በእኛ ፈንታ ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ይለቃል፣ ሞተሪኖውን ያዞራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይለቀዋል። ለዚህ ሲባል ከመሪው ሥር ካሉት ሽቦዎች ጋር ይያያዛል። ዛሬ አብዛኛው መኪና በቁልፉ ውስጥ ያለውን ቺፕ ካላነበበ ሞተሩን ስለሚያጠፋ፣ ያንን ቺፕ የሚተካ ባይፓስ የሚባል ሞጁል (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) ይጨመርበታል። ከዚህም ሌላ መሣሪያው ፍሬን መረገጡን፣ ኮፈኑ መከፈቱንና የሞተሩን ዙር የሚያውቅባቸው ሽቦዎች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ቢሳሳት መሣሪያው አልነሳም ይላል፤ እንዲህ ማለቱም ለደህንነታችን ነው።

የአምራቹ

መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የመጣ ወይም ነጋዴው ጋ የተገጠመ የአምራቹ ሪሞት ስታርተር ብልሽቱ ከሁሉም ያነሰ ነው። ሽቦ አይቆረጥም፣ የመኪናው ኮምፒውተር ያውቀዋል፣ ዋስትናውም ከመኪናው ዋስትና ጋር ይሄዳል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች በራሱ ቁልፍ ላይ የመቆለፊያውን ምልክት ሁለት ጊዜ ተጭኖ ሦስተኛውን ለጥቂት ሴኮንድ ይዞ ማቆየት ብቻ ይበቃል፤ ሌላ ሪሞት መያዝ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ የአምራቹ መሣሪያ የሚታመመው በሌላ በሽታ ነው። ቶዮታ በቁልፍ የማስነሳቱን አገልግሎት ሳይቀር ወርሃዊ ክፍያ ካለው የሪሞት ኮኔክት አገልግሎት ጋር ማያያዙ በ2021 መጨረሻ ላይ ሲታወቅ ብዙ ባለንብረት ተቆጥቷል፤ ክፍያው በወር 8 ዶላር ወይም በዓመት 80 ዶላር ነበር። በ2022 ደግሞ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች የ3ጂ መረባቸውን ሲዘጉ፣ በዚያ መረብ ብቻ ይሠሩ የነበሩ በርካታ መኪኖች በስልክ መነሳት አቆሙ። መኪናው ጤነኛ፣ ሞተሩ ጤነኛ፣ አገልግሎቱ ግን የለም። እንዲህ ያለውን ብልሽት የትኛውም ጋራዥ አይጠግነውም። ያገለገለ መኪና ስትገዙ “ሪሞት ስታርት አለው” ከተባላችሁ በቁልፉ ነው ወይስ በስልክ፣ ክፍያውስ እስከ መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ቼክ ኢንጅን የሚባለው የሞተር መብራት ከበራ በሪሞት አይነሱም። መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ከመሟገት በፊት ክሩስኮቱ ላይ ምን መብራት እንዳለ ማየት ይቀድማል።

ባለሙያ የሚገጥመው

አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ይህን ነው፤ እኔም የመረጥኩት ይህን ነበር። በምኖርበት አካባቢ ስጠይቅ ከነገጠማው ከ350 እስከ 700 ዶላር ይጠራል፤ በስልክ የሚሠራው ከዚያም ይበልጣል። ኮምፑስታርና ቫይፐር ብዙ ቦታ የሚገኙ ስሞች ናቸው። ነገር ግን ሰዎች የዕቃውን ስም ሲያማርጡ የሚረሱት ነገር አለ፤ አንድ ዓይነት ዕቃ በአንዱ እጅ አሥር ዓመት ይሠራል፣ በሌላው እጅ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ብልሽቱ በአብዛኛው ያለው ዕቃው ውስጥ ሳይሆን ዕቃው ከመኪናው ጋር በተያያዘበት ቦታ ነው።

ወደ ስድስቱ ብልጭታ ልመለስ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ለምን እንዳልነሱ በመብራት ብልጭታ ቁጥር ይናገራሉ፤ የቁጥሩ ትርጉም እንደየኩባንያው ስለሚለያይ መመሪያው ላይ ይታያል። የእኔው መመሪያ ስድስትን “ኮፈኑ ክፍት ነው” ይለዋል። ኮፈኑ ግን ዝግ ነበር። ከፍቼ በባትሪ መብራት ሳየው፣ ኮፈኑ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ የተተከለችው የጣት ጫፍ የምታህል መቀያየሪያ (ስዊች) በመንገድ ጨው ነጭ ሆናለች፤ መሃሏ ያለው ዘንግ ዝጓል፣ ከእርሷ የሚወጣው ሽቦም በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ እርጥበት ገብቶበታል። ይህች ትንሽ ዕቃ ሰው ኮፈን ከፍቶ እጁን የሞተሩ ቀበቶ ውስጥ አስገብቶ ሳለ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሳ የምትጠብቅ ናት። ሽቦዋን ቆርጠው “ተስተካከለ” የሚሉ አሉ፤ እባካችሁ አትፍቀዱ። አዲስ መቀያየሪያ ከጥቂት ዶላር አይበልጥም።

እርሷ ተቀየረችና ሁለተኛው ጣጣ መጣ። መኪናዬን ለጥቂት ቀናት ሳላነቃንቅ ካቆምኳት ባትሪው ይሞታል። አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ መልቲሜትር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ በባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ መካከል አስገብቶ፣ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቀ። ጤነኛ መኪና ከ50 ሚሊአምፒር በላይ መሳብ የለበትም። የእኔዋ 250 ትስብ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሩብ አምፒር በ24 ሰዓት 6 አምፒር-ሰዓት ይሆናል። 60 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ዓይነት በሳምንት ከግማሽ በላይ ተበልቷል፤ በብርቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ባትሪ ከጉልበቱ ብዙውን ያጣል። የመሣሪያውን ፊውዝ ሲነቅል ቁጥሩ ወደ 30 ወረደ። ሌባው ተያዘ።

ከመሪው ሥር ያለው ሽፋን ሲወርድ ያየሁትን አልረሳውም። የመኪናው ወፍራም ሽቦዎች ላይ ንክሻ የሚባሉት የፕላስቲክ ማያያዣዎች ተነክሰዋል፤ እንዲህ ያለው ማያያዣ ሽቦውን በስለት በስቶ ስለሚይዝ ከንዝረትና ከሙቀት ለውጥ ጋር ይላላል። ኔጌቲቩ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ በአንዲት ብሎን ታስሯል፤ ቀለሙ አልተፋቀም። መሣሪያው አንዴ ኤሌክትሪክ እያገኘ አንዴ እያጣ መኪናዋን እንቅልፍ ይነሳት ነበር። ማያያዣዎቹ ተነስተው ሽቦው በስታኞ ተበየደ፣ ብረቱ ተፍቆ ኔጌቲቩ ጥብቅ ብሎ ታሰረ፤ ከዚያ ወዲህ ባትሪው አልሞተም።

ተነስቶ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ የሚጠፋ መኪናም ብዙ ሰው ያማርራል። ሁለት ምክንያት አለው፤ ባይፓሱ የቁልፉን ቺፕ ማስመሰል አቅቶታል፣ ወይም መሣሪያው የሞተሩን ዙር አልተማረም። ቁልፍ በሚዞርበት መኪና ላይ የሚለዩበት ዘዴ አለ። ቁልፉን ሳታዞሩ ማስገቢያው ውስጥ ትታችሁ በሪሞት አስነሱት። ሞተሩ ሳይጠፋ ከቀጠለ ጥፋቱ የባይፓሱ ነው። አሁንም ከጠፋ የሞተር ዙሩን ትምህርት አስደግሙት፤ ከአምስት ደቂቃ የማያልፍ ሥራ ነው። ይህን ሳታውቁ ከሄዳችሁ ለምርመራ ብቻ በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ወደ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ቫሌት የሚባለውን ማቆሚያ እዩ። መኪናው ዘይት ለመቀየር በገባበት ቀን ሠራተኛው ሪሞቱን ለማሰናከል አብርቶት ረስቶት ሊሆን ይችላል። የሪሞቱን ባትሪ ቀይሩ። የኋላ የፍሬን መብራት ሳይረገጥ በርቶ እንደሆነም ተመልከቱ፤ የፍሬኑ መቀያየሪያ ከተበላሸ መሣሪያው እግራችሁ ፍሬን ላይ ያለ ይመስለዋል።

በራስ እጅ የሚገጠመው

ፎርቲንና አይዳታሊንክ የሚያወጧቸውን የመሳሰሉ ሞጁሎች ለአንድ የመኪና ሞዴል ተብሎ ከተሠራ ቲ-ሃርነስ ከሚባል ተሰኪ የሽቦ ጥቅል ጋር ከ150 እስከ 300 ዶላር ባለው ዋጋ ይሸጣሉ። ቲ-ሃርነስ ማለት የመኪናውን ሶኬት ነቅለው መካከል ላይ የሚሰኩት ነው፤ የሚቆረጥ፣ የሚነከስ፣ የሚበየድ ሽቦ የለም ወይም በጣም ጥቂት ነው። በብልሽት ሚዛን ከለካነው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መኪናዋን እንደነበረች መመለስ ብትፈልጉ ነቅላችሁ የቀድሞውን ሶኬት መልሳችሁ ትሰካላችሁ፤ በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

ፈተናው መሰካቱ ሳይሆን ማስተማሩ ነው። በአንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ሞጁሉን መኪናው ላይ ካስነበቡ በኋላ ነቅሎ ወደ ኮምፒውተር መውሰድ፣ መረጃ ማውረድና መልሶ መትከል ግዴታ ነው። አንድ ደረጃ ከተዘለለ መኪናው አይነሳም፤ አንዳንዴ ያለ ሪሞቱ እንኳን። ደግሞ መሪው አካባቢ ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አትንኩት፤ የኤርባግ ነው። በአምፖል የሚሠራ መፈተሻም የመኪናው ኮምፒውተር የሚነጋገርባቸውን ቀጫጭን ሽቦዎች ሊጎዳ ስለሚችል ዲጂታል መልቲሜትር ብቻ ተጠቀሙ።

አንድ ያልተጠበቀ ልዩነትም አለ። በአንዳንድ ተሰኪ ሞጁሎች በሩን ስትከፍቱ ሞተሩ ይጠፋል፤ መኪናው ሞቆ ይጠብቃችኋል፣ ግን እንደገና ማስነሳት አለባችሁ። ብልሽት መስሎት ዕቃውን የመለሰ ወዳጅ አለኝ። የመኪናው ጠባይ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

የቱን ልምረጥ?

መኪናው አዲስ ወይም በኪራይ ውል የተያዘ ከሆነ የአምራቹን ውሰዱ፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን በወረቀት ይታይ። እዚህ ላይ አንድ ፍርሃት ላንሳ። “ሌላ ዕቃ ካስገጠምክ ዋስትናህ ይሠረዛል” የሚል ነጋዴ አለ። በአሜሪካ የማግኑሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ ከ1975 ጀምሮ ይህን አይፈቅድም፤ ዋስትናውን የሚከለክለው ወገን ብልሽቱን ያመጣው የተገጠመው ዕቃ መሆኑን ማሳየት አለበት። በደንብ ያልታሰረ ሽቦ የመኪናውን ኮምፒውተር ካቃጠለ ግን በእርግጥ ምክንያት ሰጣችሁት ማለት ነው።

ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በፊት ለተሠራ ካምሪ፣ ኮሮላ ወይም መሰል መኪና የእኔ ምርጫ ሁለቱን ያጣመረ ነው፤ ቲ-ሃርነስ ያለውን ዕቃ ባለሙያ ይግጠመው። ለሞዴላችሁ ቲ-ሃርነስ ተሠርቶለት እያለ “እኛ ሽቦ ቆርጠን ነው የምንሠራው” የሚል ቤት ካገኛችሁ ሌላ ፈልጉ። ኤምኢሲፒ የሚባለው የሙያ ምስክር ወረቀት ያለው ገጣሚ ካለ ይመረጣል። ባይፓሱ ሞጁል ነው ወይስ ተጨማሪ ቁልፍ ክሩስኮት ውስጥ ሊደበቅ ነው ብላችሁም ጠይቁ። ቁልፍ ከተደበቀ የመኪናው የስርቆት መከላከያ ለሌባው ክፍት ሆነ ማለት ነው።

በእጅ ማርሽ ለሚነዳ (ማኑዋል) መኪና ሪሞት ስታርተር አልመክርም። ማርሽ ውስጥ ቀርቶ ከተነሳ መኪናው ይዘላል።

ርቀት ላይ ብዙ አልቆይም። ሚኒያፖሊስ ሴዳር ሪቨርሳይድ ባሉት የኮንክሪት ፎቆች ውስጥ የሚኖር ሰው ባለአንድ አቅጣጫ ሪሞት ቢገዛ ከላይኛው ወለል ላይደርስለት ይችላል፤ ቢደርስም አያውቅም። መነሳቱን መልሶ የሚነግር ባለሁለት አቅጣጫ ሪሞት ወይም በስልክ የሚሠራ ይሻላል። ቤቱ ጋራዥ ያለው ደግሞ በሩ ተዘግቶ ሳለ በጭራሽ አያስነሳ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ከጋራዡ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ኮሎራዶ ለምትኖሩ፣ ሰው በሌለበት ሞተር አንቅቶ መተው የሚከለክለው ሕግ በ2016 ሲሻሻል ሪሞት ስታርተርን ፈቅዷል፤ ቁልፍ ሰክቶ መሄድ ግን ያው ክልክል ነው።

የተበላሸ ገጠማ በእጃችሁ ላለ፣ መጀመሪያ ወደ ገጠመው ቤት ሂዱ፤ ችግሩን ከብልጭታው ቁጥር ጋር በጽሑፍ ስጡ። ብዙ ቤቶች ሌላ ሰው የገጠመውን መንካት አይፈልጉም፤ ለዚህም ምክንያት አላቸው፣ የሌላውን ስህተት መፈለግ አዲስ ከመግጠም በላይ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ጊዜ ተመልሳችሁ ካልተፈታ ግን ሦስተኛ አትጠብቁ፤ አስነቅላችሁ በቲ-ሃርነስ አስደግሙት።

እኔ ሁለተኛውን ባለሙያ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር፤ ሽፋኑን ከመዝጋቱ በፊት ፎቶ እንዳነሳ። ፈቀደልኝ፤ እያንዳንዱን ሽቦ በጣቱ እያሳየ ምን እንደሆነ ነገረኝ። ፎቶው እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። ኮፈኑ ሥር ያለችውን መቀያየሪያ በየዓመቱ በጥቅምት፣ ጨው መንገድ ላይ ሳይበተን፣ በግራሶ እቀባታለሁ።