አሲስት፦ ሀሺሽን ሦስተኛ ላይ የሚጠይቀው መጠይቅ

የተመላላሽ ክፍል ነርስ ነኝ። «ዕፅ ትወስዳለህ?» ብሎ ፊት ለፊት የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ይታወቃል፦ «ኧረ እኔ እቴ!» ከዚያ ወዲያ በሽተኛው ለሌላውም ጥያቄ ይዘጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የትምባሆ፣ የአልኮልና የዕፅ አጠቃቀም መጠይቅ፣ አሲስት (ASSIST)፣ ግን በትምባሆ ይጀምርና በአልኮል አልፎ ነው ሀሺሽ ጋ የሚደርሰው። እስከዚያ ሰውየው ሁለቴ መልሷል፤ ያልተቆጣሁትም መሆኑን አይቷል።

አንድ ወጣት ነበር፤ ማስመለስ አልለቀው ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ሲቀያየርለት ቆይቷል። ሀሺሽ ላይ ስንደርስ «እሱማ በየቀኑ ነው ሲስተር፣ ማስመለሱን እንኳ ቢይዝልኝ ብዬ» አለኝ። ሙቅ ውሃ ስትታጠብ ይሻልሃል ወይ ስለው ዓይኑ ፈጠጠ፦ «ማን ነገረሽ?» እንዲህ ያለው ማስመለስ ሀሺሽ ለረጅም ጊዜ አዘውትረው በሚያጨሱ አንዳንድ ሰዎች ላይ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ሙቅ ውሃ ለጊዜው ያስታግሰዋል፣ መፍትሔው ግን ማጨሱን መተው ነው።

ሌላው የምወድለት የእንቅልፍና የማረጋጊያ ክኒኖችን ለብቻ መጠየቁን ነው። ክኒን ስለሆነ ብዙ ሰው «ዕፅ» ብሎ አይቆጥረውም። ከሞርፊን ዘር መድኃኒቶች ጋር ሲደረብ ግን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ የሕመም ማስታገሻ ከማዘዝ በፊት መታወቅ አለበት። በሐኪም ትእዛዝ ልክ የሚወሰደው እንደማይቆጠር አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አለዚያ ነጥቡ ይበላሻል።

ነጥብ አሰጣጡ ቀላል ነው፦ ከ4 እስከ 26 መካከለኛ አደጋ፣ 27 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ፤ ለአልኮል ብቻ መካከለኛው ከ11 ይጀምራል። ርዝመቱ ግን ያማርራል። ጥያቄዎቹ 8 ቢሆኑም ሦስት አራት ነገር የሚወስድ ሰው ከገባ ለእያንዳንዱ መደጋገም ነው፣ ውጭ ደግሞ ሰልፍ አለ።

ከመጠይቁ በኋላ ከሚሰጠው አጭር ምክርም ብዙ አትጠብቁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጡ ሁለት የአሜሪካ ጥናቶች፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚሰጥ አጭር ምክር የዕፅ አጠቃቀምን እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። እኔ ግን ወረቀቱን አልጥለውም፤ የዚያን ወጣት ሕክምና ያስቀየረን እሱ ነው።

አብሮት የሚመጣውን የመልስ ካርድ በሽተኛው እጅ ላይ አድርጉት። «በየሳምንቱ» ብሎ ከመናገር በጣት ማሳየት የሚቀለው ሰው ብዙ ነው።