የቆቃ ቆሮሶ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ

አዳማ መናኸሪያ ጀርባ ያለችው ዓሣ ቤት ማስታወቂያ የላትም። ሰው ሁሉ «እማማ ጋ» ነው የሚላት። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ መጥበሻ፣ በቃ።

ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ሙሉ ጥብስ አዘዝኩ። ጎኑን በቢላ ሸንተር ሸንተር አድርገው፣ ጨውና ሎሚ አሽተው፣ በደንብ በጋለ ዘይት ነው የሚያወጡት። ክንፉ ይንኮሻኮሻል። አጥንቱ ጋ ያለው ሥጋ ነጭና እርጥብ ነው፤ ጭቃ ጭቃ አይልም። አዋዜያቸው ልዩ ነው። ጉላሹ ግን ቲማቲም በዝቶበታል፣ አልወደድኩትም።

ዓሣው ጠዋት ከቆቃ፣ ከግድቡ ሐይቅ ይመጣል። እኔ ለሰባት ዓመት ካሳ ገማች ነበርኩ፤ የተነሺ፣ ማለትም ለልማት ተብሎ ከመሬቱ የሚነሳ ሰው ማሳ በሜትር ስለካ ነው የኖርኩት። ቆቃ ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም። እማማን «እርስዎ የቆቃ ሰው ነዎት?» አልኳቸው።

«ጅሌ ነን ልጄ» አሉኝ። «አባቴ ከብት አርቢ ነበር። ግጦሻችን አሁን ጀልባ የሚሄድበት ነው። ዓሣ ሳይቀምስ ሞተ።» ይህን ሲሉ እጃቸው ቅርፊት መፋቁን አላቆመም።

በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ የተሠራው ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። በካሳ የተሠራ ግድብ የጅሌ ኦሮሞን ግጦሽ ውሃ አለበሰው። ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

የተነሺ ካሳ ሕጉ ዛሬ ተሻሽሏል። በአዋጅ 455/1997 ምትክ መሬት ሳያገኝ የገጠር መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ሰው የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። አዋጅ 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ ወስዶ በ15 ያባዛል። ጥሩ ነው። ግን እኔ የሞላሁት ቅጽ ላይ ባሕር ዛፍ በቁጥር፣ ቤት በካሬ ይገባል። ከብት የሚያውቅ ሰው መረብ መጣል እስኪለምድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት የሚጻፍበት መስመር አልነበረውም። የእማማ ወንድሞች ከሌላ አስጋሪ ሥር ተቀጥረው፣ በውሃው ላይ እያደሩ ነው የለመዱት። ማንም አላስተማራቸውም። ከተነሺ ጋር የምትሠሩ ካላችሁ፣ ከብሩ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ነገ በምን ሙያ ይኖራል?

ረቡዕና ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ወረፋ አለ፣ ዓሣውም ያልቃል። ሾርባውን እንዳትዘሉት። ትንሽ ቃሪያ ጨምሩበት።