ከፍ በተደረገ ላንድክሩዘር ላይ የኋላ ባሌስትራ ድምፅ፦ የፖሊዩሪቴን ጎሚኒ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ግምገማ የምጽፈው ዕቃው መኪናዬ ላይ ከተገጠመ አንድ በጋና አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ዕቃው ለላንድክሩዘር 70 ሞዴሎች የኋላ ባሌስትራ (ተደራርበው መኪናውን የሚሸከሙ ጎባጣ ብረቶች) የተዘጋጀ ስብስብ ሲሆን፣ የፖሊዩሪቴን (ከላስቲክ የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ቁስ) ጎሚኒዎችን ማለትም በባሌስትራው መጋጠሚያዎች ውስጥ የሚገቡ ቀለበቶችን፣ ግራሶ የሚገባባቸው ፒኖችንና የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙ ተወዛዋዥ ማንጠልጠያዎችን፣ እንዲሁም በንብርብሮቹ ብረቶች ጫፍ መካከል የሚሰኩ ስስ የፕላስቲክ ንጣፎችን ይዟል። መኪናዬ ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው 78 ሃርድቶፕ ነው፤ ፊቱ ሞላ፣ ኋላው ባሌስትራ። እንግዶችንና የካምፕ ዕቃ ጭኜ ወደ ባሌና ወደ ደቡብ ኦሞ ስለምመላለስ ከፋብሪካው ቁመት 50 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አስደርጌዋለሁ።

ከፍ ያለው ባሌስትራ ከገባ በኋላ ከኋላ በኩል ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማ ጀመር። አንደኛው ፍጥነት መቀነሻ ላይ ቀስ ብዬ ስወጣና ስወርድ የሚሰማ ረዘም ያለ ሲጢጥታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ አንደኛው ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ብቻ «ጓ» የሚል የብረት ምት ነበር። ሁለቱን ለይቶ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ መንስኤያቸውም መድኃኒታቸውም የተለያየ ነውና። ይህ ስብስብ የሚመለከተው በዋናነት የመጀመሪያውን ነው።

ድምፁ መኪናው ከፍ ሲደረግ የሚብስበት ምክንያት አለ። ባሌስትራ ሲጫን ይዘረጋል፣ ሲራገፍ ይቆለመማል፤ በዚህ ጊዜ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፣ የኋላው ማንጠልጠያም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ለማንሻ የሚገባው ባሌስትራ ጉብጠቱ ከመጀመሪያው ስለሚበልጥ የሁለቱ ዓይኖቹ (ጎሚኒ የሚገባባቸው የጫፍ ቀዳዳዎች) ርቀት ያጥራል፤ ስለዚህ መኪናው ባዶ ሲሆን ማንጠልጠያው ወደ ኋላ ማዘንበሉን ትቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንዳንዴም ወደ ፊት ያጋድላል። በዚያ አቋም ላይ ባሌስትራው በቀላሉ መዘርጋት ስለማይችል ጫናው በሙሉ ጎሚኒው ላይ ያርፋል። ለከባድ ቋሚ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ አስገብቶ ባዶውን የሚነዳ ሰው የትኛውንም ጎሚኒ ቢቀይር ከዚህ ችግር ሙሉ በሙሉ አይገላገልም።

በየጋራዡ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ «ወንድሜ፣ የተቃጠለ ዘይት አጠጣው፣ ዝም ይላል።» እውነት ነው፣ ዝም ይላል፤ ግን እስከሚቀጥለው ጠጠር መንገድ ድረስ ነው። ዘይቱ አቧራውን ይዞ በንብርብሮቹ መካከል እንደ ሞረድ የሚፍቅ ጭቃ ይሆናል፤ ወደ ጎሚኒው የወረደው ደግሞ ላስቲኩን ያሳብጠውና ያላሽቀዋል። እጥበት ቤት ከመኪናው ሥር የሚረጨው ናፍጣም ጉዳቱ ያው ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማረጋገጥ ይገባል፤ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ረዳትና አንድ የውኃ መርጫ ጠርሙስ ብቻ ነው። ረዳቱ የኋላው ፓራውልት ላይ ቆሞ መኪናውን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያወዛውዝ፣ እኔ ከሥር ሆኜ ጣቶቼን በየተራ በባሌስትራው የፊት ዓይን፣ በኋላው ዓይንና ማንጠልጠያው ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ አሳርፋለሁ። ሲጢጥ የሚለው ቦታ በጣት ጫፍ ላይ ስስ ንዝረት ይሰጣል። ከዚያ ያንን ቦታ ብቻ በውኃ አርሼ እንደገና ይወዛወዛል፤ ድምፁ ለጊዜው ከጠፋ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። በእኔ መኪና ላይ ጥፋተኞቹ የግራው የላይኛው ማንጠልጠያ ጎሚኒና በሁለቱም ጎን ያሉት የንብርብሮቹ ጫፎች ነበሩ። «ጓ» የሚለው ምት ግን ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ከሚያስሩት ዩ ቦልቶች መላላት የመጣ ሆኖ ተገኘ። አዲስ ባሌስትራ ጥቂት እንደሠራ ንብርብሮቹ ይበልጥ ስለሚጠጋጉ ዳዶዎቹ ይላላሉ፤ ስለዚህ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ በማዕዘን እያፈራረቁ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው። አንዴ በከፍተኛ ኃይል የጠበቀ ዩ ቦልት ስለሚለጠጥ፣ የተፈታውን መልሶ ከመግጠም አዲስ መግዛት ይሻላል። ንብርብሮቹን መሐል ላይ የሚያስተሳስረው ቡሎን አለመቆረጡንም በዚያው አጋጣሚ ማየት ነው፤ እሱ ከተቆረጠ አክስሉ ከቦታው ሊንሸራተት ስለሚችል ጉዳዩ የድምፅ ብቻ አይሆንም።

አገጣጠሙ ራሱ ከባድ አይደለም። በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ቦታ አለ፤ አሮጌው ላስቲክ ወጥቶ ዓይኑ በብረት ብሩሽ ይጸዳል፣ አዲሱ ጎሚኒ ከውስጥም ከውጭም የሲሊኮን ግራሶ ተቀብቶ በእጅ ይገባል። ሶማሌ ተራ ማንኛውም ሱቅ ውስጥ ከሚገኘው ተራ ግራሶ ይልቅ ሲሊኮኑን ማግኘት ፍለጋ ይጠይቃል፤ ነገር ግን አምራቹ የሚያዘው እሱን ነው፣ ውኃም ቶሎ አያጥበውም። የፒኖቹ ዳዶዎች ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠብቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማዎቹ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በተለይ የፋብሪካው ላስቲክ ላይ ይህ ወሳኝ ነው፤ ላስቲክ የሚሠራው በመጠማዘዝ ስለሆነ፣ ባሌስትራው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ መኪናው መሬት ሲነካ ጀምሮ ተጠማዝዞ ይኖራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ወደ ውጤቱ ልምጣ። ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የሰነቴ አምባ አልፎ በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ለዚህ ዓይነት ዕቃ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ማለዳ ላይ ውርጭ፣ ከቀትር በኋላ ሙቀትና አቧራ በአንድ ቀን ይፈራረቁበታል። ጎሚኒዎቹ በዚህ መንገድ ላይ አላሳፈሩኝም። አምባው ላይ አድሬ ጠዋት ሞተር ሳስነሣ፣ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከማንጠልጠያው በኩል ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ሲሞቅ ይጠፋል። በክረምቱ ጭቃና ጎርፍ ውስጥ ካለፍኩ በኋላ ግራሶ ሲገባ በፒኑ ዳር መጀመሪያ የሚወጣው ቡናማ ውኃ የቀላቀለ ዝቃጭ ነው፤ ንጹሑ ግራሶ እስኪታይ ድረስ መጫን ይገባል። ይህ እንክብካቤ ካልተጓደለ ሲጢጥታው አይመለስም፣ ከዘገየ ግን ይመለሳል። «ገጥመው ይርሱት» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ አይመኑት።

የፕላስቲክ ንጣፎቹን ግን ማመስገን አልችልም። አስፋልት ላይና በእርጥብ ወቅት ንብርብሮቹን ጸጥ አድርገዋቸው ነበር። ከጂንካ ወደ ቱርሚ ባለው ጠጠር መንገድ ላይ ግን አቧራው ከሥራቸው እየገባ ፈተጋቸው፤ የቀኙ የታችኛው ንጣፍ ወደ ውጭ ተንሸራትቶ ግማሽ አካሉ ተበልቶ አገኘሁት። አሁን ንብርብሮቹን በግፊት ውኃ አጥቤ፣ በደንብ ሲደርቁ የሚደርቅ ዓይነት የግራፋይት ቅባት እቀባቸዋለሁ። አቧራ ስለማይዝ ከንጣፎቹ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ዋጋውም ትንሽ ነው።

ስለ ምቾት ከተጠየቅሁ፣ ፖሊዩሪቴን ከላስቲክ ይልቅ ደረቅ ነው። ሸንተረር በሚበዛበት ጠጠር ላይ ባዶ መኪና ሲነዳ ንዝረቱ ወለሉ ድረስ ይሰማል፣ ፖርቶመጋላው ላይ ያለው ዕቃም ይበልጥ ይንቀጫቀጫል። ጭነት ሲኖር ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ እንዲያውም ኩርባ ላይ የኋላው አካል ይበልጥ የረጋ ሆኖ ይሰማኛል። ከከተማ ለማይወጣና መኪናውን ከፍ ላላደረገ ሰው ጥሩ የፋብሪካ ላስቲክ ይበቃዋል፤ ዋጋውም በብዙ ይቀንሳል።

አንድ የዲዛይን ቅሬታ አለኝ። የፊተኛው ፒን ግራሶ መግቢያ ቀጥ ያለ ስለሆነ የግራሶ ፓምፑ ጫፍ ሻንሲውን እየነካ በትክክል አይቀመጥም፤ ግራሶውም ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ በጎን ይፈሳል። መካኒኬ ሁለቱንም አውጥቶ በ90 ዲግሪ የታጠፉ መግቢያዎችን ከተካ በኋላ መኪናውን ክሪክ ላይ ሳላወጣ፣ ከጎማው ጀርባ ተንበርክኬ ብቻ መሙላት ችያለሁ። ስብስቡን የሚገዛ ሰው እነዚህን የታጠፉ መግቢያዎች አብሮ ቢገዛ ፒኖቹ ከመግባታቸው በፊት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሊቀየሩለት ይችላሉ።