ላሊበላን ለመጎብኘት ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መቅጠር ዋጋ አለው?

ላሊበላን ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ የተሳለምሁት ለገና ከሚጎርፈው ምእመን ጋር ስለነበር፣ አስጎብኚ የሚያስፈልገው ለውጭ አገር ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ጥር ግን እናቴንና ዋሽንግተን ያደገችውን የአክስቴን ልጅ ይዤ ስሄድ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት አስጎብኚዎችን ቀጥሬ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት አየሁ። ወደዚያ ለሚያቀና ሰው ይጠቅማል ብዬ ስለማምን በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

የመጀመሪያውን ወጣት ያገኘነው ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ በሚወስደን መኪና ውስጥ ነው። ትሑትና ተግባቢ ነበር፤ የእናቴንም ሻንጣ ተሸክሞ አወረደላት። የአስጎብኚነት ፈቃዱን የሚያሳይ ባጅ እንዳለው አልጠየቅሁትም፤ ክፍያውን ስጠይቀው ደግሞ «ችግር የለም፣ ደስ ያላችሁን ትሰጡኛላችሁ» አለኝ። ይህን ቃል የሚናገር አስጎብኚ ሲያጋጥማችሁ እዚያው አመስግናችሁ ተሰናበቱት፤ ያልተቆረጠ ዋጋ መጨረሻ ላይ የሚቆረጠው በእሱ ፈቃድ ነውና። ቤተ መድኃኔ ዓለምን በሩብ ሰዓት አስጨርሶን፣ ቤተ ማርያምን ከደጅ አሳይቶን፣ ገና አራቱን ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሳናይ «ትንሽ ዕረፉ» ብሎ ወደ አንድ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ወሰደን። እዚያ ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ ጠበቀን። የሰው ቡና ጠጥቶ ባዶ እጅን መውጣት ለእናቴ ነውር ስለሆነባት፣ ብር ነው የተባለላትን የአንገት መስቀል በተጠራው ዋጋ ገዛች፤ አዲስ አበባ ስንመለስ አንድ ብር ሠሪ አይቶ ተራ ነጭ ብረት መሆኑን ነገረን። ወጣቱም ማታ ላይ የጠየቀን ክፍያ በማግስቱ ለፈቃድ ያለው አስጎብኚ ከከፈልነው ይበልጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቲኬት ወደሚቆረጥበት ቦታ ሄደን፣ ባጁን ደረቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ጎልማሳ አስጎብኚ ያዝን። መጀመሪያ የጠየቀን ስንት ሰዎች እንደሆንንና እናቴ ደረጃ መውጣት መውረድ ትችል እንደሆነ ነው። የሙሉ ቀን ዋጋውን ከነገረን በኋላ ቲኬቱ ለአሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት እንደሚያገለግል፣ ከከተማው ውጭ ያሉት አሸተን ማርያም፣ ነአኩቶ ለአብና ይምርሐነ ክርስቶስ ግን ለየብቻቸው እንደሚያስከፍሉ፣ የእኩለ ቀኑ መዘጊያም ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚወስድ አስቀድሞ አስረዳን። ጫማ የሚጠብቅልንንም ልጅ እሱው ጠርቶ ለቀኑ ሙሉ በአንድ ዋጋ ተስማማልን፤ ልጁም ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን አብሮን ስለዞረ በየበሩ ገንዘብ ለማውጣት አልተቸገርንም።

ቤተ መድኃኔ ዓለም ስንመለስ፣ ትናንት በሩጫ ያለፍነውን በአንዱ ጥግ ያለውን የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ መታሰቢያ ነው የሚባለውን የሦስት ባዶ መቃብር ስፍራ አሳየን። ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴት እንደማይገባ ቀድሞ ስለነገረን እናቴና የአክስቴ ልጅ በር ላይ ደርሰው አላፈሩም፤ በቤተ ማርያም ግቢ ጥላ ሥር አስቀምጧቸው እኔን ይዞኝ ገባ። ካህኑ መስቀል ይዘው ፎቶ ሲያስነሡም ስጦታውን በእጃቸው ከመስጠት ይልቅ ወደ ሙዳየ ምጽዋቱ እንድንጨምር በጆሯችን ነገረን። በሁለተኛው የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ ያለውን ጨለማ ዋሻ ስናልፍ «እናታችን፣ በቀኝ እጅዎ ግድግዳውን ይያዙ» እያለ ከፊት ከፊት ይመራት ነበር።

ከሁሉ በላይ የረዳን ግን ጉትጎታውን ማብረዱ ነው። ሻጮች ሲከቡን «እንግዶቼ ናቸው፤ ሲመለሱ ያዩላችኋል» ይላቸዋል፤ ስንመለስም ቃሉን ጠብቆ ያቆመናል። እኛም ከመንገዱ ዳር ከተቀመጡ ሴቶች አንዷ የራሷን ፈትል የሚመስል ነጠላ ስታሳየን፣ ከጠየቀችው ዋጋ በጥቂት አስቀንሰን ነጠላውን ገዛን። በኮሮናና በጦርነቱ ዓመታት እንግዳ የጠፋባት ከተማ መሆኗን ስለማውቅ፣ በነዚህ ሰዎች ላይ ጨክኜ እለፉ ማለት አልችልም፤ ራሳችሁ መርጣችሁ መግዛትና ተጎትቶ ገብቶ መግዛት የተለያዩ መሆናቸውን ግን እወቁ።

የአክስቴን ልጅ አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ አናግሯት መዝገበ ቃላት እንድትገዛለት ሲለምናት ገንዘቧን ልታወጣ ነበር። አስጎብኚው ልጁን በጨዋ ቃል ከመለሰው በኋላ፣ መጽሐፉ አንዳንድ ጊዜ እንግዳው ከሄደ በኋላ ወደ ሱቁ ተመልሶ ገንዘቡ ለሁለት እንደሚካፈል ነገረን፤ መርዳት ከፈለገችም ለትምህርት ቤት ርእሰ መምህር እንድትሰጥ መከራት። ልጁን ሌባ አድርጎ አለማውራቱን ወደድሁለት።

ስለ «ጥንታዊ» ዕቃም ላስጠንቅቅ። በጭስ የጠቆረ ብራናና በአፈር የታሸ የእጅ መስቀል እየታየ «የሦስት መቶ ዓመት ነው» ይባላል። አዲስ ከሆነ ተታለላችሁ፤ እውነትም ጥንታዊ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በሕግ የተከለከለ ነው። በሁለቱም መንገድ አትግዙት።

አስጎብኚያችን እንከን የለበትም አልልም። ለአክስቴ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲያብራራ ረጅም ጊዜ እየወሰደ እናቴን ይረሳት ስለነበር፣ በአማርኛም እንዲደግምልን ሁለት ጊዜ ማሳሰብ ነበረብኝ። በመጨረሻም «አንድ ጥሩ ሱቅ አለ» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ አይሆንም ስንለው ግን ዳግመኛ አላነሣውም። በጥቅሉ የከፈልነው ገንዘብ ሲያንሰው ነው፤ በተለይ አዛውንት ወይም ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ባጅ ያለው አስጎብኚ ሳይዝ እንዳይገባ አጥብቄ እመክራለሁ።

ቤተ ጊዮርጊስን ለመጨረሻ ያስቀረው ሆን ብሎ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስንደርስ ብዙው ጎብኚ ሄዶ ነበር። መስቀል ቅርጽ ያለውን ጣሪያ ቁልቁል እያየን ቆመን ታሪኩን ከነገረን በኋላ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባለውን ምልክት አሳይቶን ድምፁን አጠፋ፤ ወደ ኋላችን የመጡትንም ሁለት ሻጮች በእጁ ምልክት አስቆማቸው። እናቴ ወደ ታች ወርዳ ነጠላዋን አጣፍታ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆማ ስትጸልይ፣ አንድም ሰው አልጠራትም።