አሮጌውን ካርቡራቶር እዚያ ትታችሁ እንዳትወጡ

ደብረ ብርሃን መኪና የምታሰሩ የመንዝ፣ የጣርማ በርና የአንኮበር ሰዎች፣ በተለይ የቤንዚን ላንድክሩዘር ያላችሁ፣ ይህን አንብቡ። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም። ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ያታለለኝን ሰው ዓይነት ታውቁታላችሁ። ከፊት መለዋወጫ ይሸጣል፣ ከጀርባ ጋራዥ አለው። ኮፈኑ ሳይከፈት «ይሄማ አልቆለታል» ይላል። ከዚያ አንዱን ልጅ ይጠራል፣ ልጁም አንገቱን ይነቀንቃል።

የኔ መኪና ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4 ሊትር 3ኤፍ ሞተር ናት። የነበረባት ችግር አንድ ብቻ ነው፤ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ለአፍታ ታመነታለች፣ ከዚያ ትነሳለች። ኋላ ሌላ መካኒክ እንደነገረኝ፣ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራቶር ውስጥ ነዳጅ የሚረጨው ትንሹ ፖምፓ ጎማው ሲደርቅ የሚመጣ ነው። ጎማና ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ተቀይሮ፣ ታጥቦ፣ በአየር ተነፍቶ ይመለሳል። እነሱ ግን «ሙሉው ይቀየር፣ ኦርጅናል ጃፓን አለን» አሉኝ። 28 ሺህ ብር። አሮጌውን እወስዳለሁ አልኩ። «ጋሼ፣ አሁን ቤንዚን ያንጠባጥባል፣ ዕቃዎን ያበላሽብዎታል። ሌላ ቀን ሲመጡ ይውሰዱት» አለኝ ባለቤቱ፣ በትህትና።

አሮጌው ለምን እንደሚያስፈልገኝ ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። የቤንዚን ሞተር በደንብ ለመቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም መቀነስ አለበት። ካርቡራቶር ይህን በራሱ አያውቅም። ነዳጅ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሿ ናስ ጠበብ ባለች መቀየር አለባት። የኔን አሮጌ ካርቡራቶር አንድ አዛውንት መካኒክ ለደጋ ብለው ከዓመታት በፊት አስተካክለውልኝ ነበር። የነዳጅ መስጫው ክንድ ተሰብሮም በናስ በይደውታል። ያ ብየዳ ከሩቅ ይታወቃል።

አዲሱን ሲገጥሙልኝ መካኒኩ ካቻቢቴ ይዞ ሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አደረገ። ሞተሩ አጓራ። «ሰሙ አይደል ጋሼ? አዲስ ሆነች» አለኝ። ሚኒሞ ከፍ ሲል ብዙ በሽታ ይሸፈናል። ወጉ እንዲህ አይደለም። ሞተሩ በደንብ ይሞቃል፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላና ብልጭታው የሚሰጥበት ሰዓት ቀድሞ ይታያል፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ከፍታው ይለካል። ከዚያ የነዳጅ መመጠኛዋ ቪቴ ቀስ እየተባለች ትዞራለች፣ ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ ጥሩ የሚዞርበት ቦታ እስኪገኝ። በመጨረሻ ሚኒሞው ወደ ልኩ ይወርዳል፣ መኪናዋ ዳገት ትሞከራለች፣ ካንዴላ ተፈቶ ይታያል። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል። እዚያ ግቢ ከዚህ አንዱም አልተደረገም። ብሩን ግን ቆጥረው ተቀበሉ።

የዘር ገብስና ጎረቤቶቼን ጭኜ ወደ መንዝ ወጣሁ። ጣርማ በር ስንደርስ ጭሷ ጥቁር ነው። ወደ መዘዞ ታጥፈን ጥቂት እንደሄድን፣ መንገዱ ያዘመመበት ላይ ቤንዚኑ ሞልቶ ፈሰሰና ጠፋች። ካንዴላዎቹ ጠቁረው ረጥበዋል። በዚያ ጉምና ብርድ ሕፃን ያዘለች እናት መኪናው ውስጥ ነበረች። እሷን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

እንደምንም ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። አሮጌውን ስጡኝና አስገጥመዋለሁ አልኩ። ባለቤቱ ቀና ብሎም አላየኝ። «ጥለነዋል፣ ቆራሌው ወሰደው» አለ።

እኔ ባንኮኒው ጎን ቆሜ ስከራከር ከዓለም ከተማ የመጣ ሌላ ደንበኛ ገባ። እሱም የላንድክሩዘር ካርቡራቶር ነው የሚፈልገው። ልጁ ከጓዳ አንድ ይዞ ወጣ። በቤንዚን ታጥቦ ያብለጨልጫል። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠውና «ይሄ ጃፓን ነው፣ ለደጋ የተስተካከለ፣ 35 ሺህ» አለው። ክንዱን አየሁት። የናሱ ብየዳ አለ። የኔ ነው።

አልቋል ያሉኝ ዕቃ! ቆራሌው ወሰደው ያሉኝ! ለደጋ መስተካከሉን እንኳ አይተው አውቀዋል። ስለዚህ ያኔ ሲያዩትም ደህና መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

አነሳሁት። ባለቤቱ ከእጄ ቀማኝ። «ይሄ የኔ ነው፣ ብየዳውን እየው» ስለው፣ «ስምህ ተጽፎበታል?» አለኝ። ብር ሲቀበለኝ «ጋሼ፣ እርስዎ» ሲል የነበረው ሰው ነው። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ «ባላገር ብየዳ ሁሉ የሱ ይመስለዋል» አለ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ። ባለቤቱ ደረሰኝ አምጣ አለኝ፤ ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ያለኝ እሱ ራሱ ነው። የዓለም ከተማው ሰውዬ እኔንም እነሱንም አየና ብሩን ወደ ኪሱ መልሶ ወጣ። እግዜር ይስጠው።

አዲሱን ካርቡራቶር ሌላ ቦታ ቀዳዳዋን አስጠብቤ፣ ተንሳፋፊውን ዝቅ አስደርጌ አሁን ትሄዳለች። ነዳጅ ግን ከድሮው ይበልጥ ትበላለች። ጃፓን የሚባለውም ማስመሰያ ነው፣ የፈታው መካኒክ በላዩ የተቀረጸውን አይቶ ወዲያው ነው የነገረኝ።

እንግዲህ የተፈታ ዕቃችሁን ቢንጠባጠብም በፌስታል ጠቅልላችሁ ያኔውኑ ውሰዱ። ሳይፈታ ፎቶ አንሱት። ዳገት ወጥታችሁ ካንዴላ ሳታዩ ሙሉውን ክፍያ አትስጡ። በቴሌብር ከከፈላችሁ ምክንያቱ ላይ የዕቃውን ስም ጻፉበት። ክንዱ በናስ የተበየደ የ3ኤፍ ካርቡራቶር ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሽያጭ ካያችሁም አትግዙት፣ እዚሁ ጻፉልኝ።